ስፒከሩን ከቡፌው ላይ አውርዱት

ሰው ስፒከር ይገዛና ቤት ወስዶ አንዱን ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ ሌላውን ቦታ ስላጣ ሶፋው ጀርባ ማዕዘን ውስጥ ይወትፈዋል፣ ከዛ ሳምንት ሳይሞላው "ይሄ ነገር አይረባም፣ ባዝ የለውም፣ ሸጬው ትልቅ ልግዛ" ማለት ይጀምራል። እኔ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ "ቴፕ የሚገጥመው ልጅ" ብሎ ስለያዘኝ ይሄን ወሬ ስንቴ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። ሄጄ ሳየው ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ምንም አልሆነም፣ ወይ ሽቦው ተገላብጧል፣ ወይ ቦታው ነው፣ ወይ መብራቱ። ስለዚ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን በስርአቱ ግጠሙት። የምጽፈው ስለ ኮንዶሚኒየምና ስለ ተራ ሳሎን ነው፣ ስቱዲዮ ያለው ሰው ይለፈው።

ከመብራቱ ልጀምር ምክንያቱም እሱ ላይ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ እድል የለውም። ውጭ ዘመድ ካላችሁ አንድ ቀን ከአሜሪካ አምፕ (ድምጹን አጉልቶ ለስፒከር የሚሰጠው ሳጥን) ወይ ስቴሪዮ ሪሲቨር (የዲሹን አይደለም የምለው) መምጣቱ አይቀርም። የነሱ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ (መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) ነው፣ የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ለጃፓን ሀገር ውስጥ ገበያ የተሰራ እቃ ደሞ 100 ቮልት ነው። ጫፉን በአዳፕተር ቀይሮ ግድግዳ ላይ መሰካት ይቻላል፣ ይገባል፣ ከዛ ግን አምፑ ይቃጠላል፣ ፊውዙ ቀድሞ ከተበጠሰ እድለኛ ናችሁ። በቃ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቡ። ከድሮዎቹ ሳንሱይ፣ ፓዮኒር፣ ኬንዉድ ምናምን ውስጥ ከኋላ በካቻቢቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ ያላቸው አሉ፣ ወደ 220 ማዞር ነው አለቀ። ከሌለው ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ እሱን ስትገዙ ደሞ አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ፍጆታ በደንብ ከፍ ያለ ምረጡ፣ አምፑ 300 ዋት ይበላል ከተባለ ትራንስፎርመሩ ባለ 500 ይሁን፣ ልክ በልኩ ከሆነ ይግላል፣ እዝዝዝ የሚል ድምጽ ራሱ ያወጣል።

ትራንስፎርመር የሚቀይረው ቮልቱን ነው እንጂ ኸርዙን አይደለም። ለአምፕ ብዙም አያሳስብም ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ይሰራል። የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ላይ ግን ጉድ ይፈጠራል፣ ምክንያቱም አንዳንዶቹ ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው፣ 60 ላይ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረው ሸክላ 50 ላይ 28 እንኳን አይሞላም። ዘፈኑ መዘግየቱ ብቻ አይደለም ቶኑም ይወርዳል፣ አንድ ቶን ተኩል ገደማ። ዘመዴ ቤት ከዲሲ በመጣ ማጫወቻ የድሮ ሸክላ ስናዳምጥ ዘፋኟ ወንድ ሆና አረፈችው፣ አጎቴ ግን "ድሮም ድምጿ ወፍራም ነበር እናንተ አታውቋትም" ብሎ እስከመጨረሻው ተከራከረን። መፍትሄው ለ50 ኸርዝ የተሰራውን ፑሊ (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ መዘውር) ፈልጎ መቀየር ነው፣ ወይ ከመጀመሪያው ፍጥነቱን በራሱ ሰርኪት የሚቆጣጠር ዳይሬክት ድራይቭ ማጫወቻ ማስመጣት።

መብራት ላይ እያለን፣ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ቤት ከሆነ አምፑን ከምጣዱ ጋ አንድ ሶኬት ላይ አታድርጉት። ስታብላይዘር ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ደሞ ቢያንስ መብራት ሲጠፋ ሄዳችሁ አምፑን አጥፉት፣ ሲመጣም ትንሽ ይረጋጋ ከዛ ክፈቱት። ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ የሚለው ነገር ነው ብዙ አምፕ የሚፈጀው። ሲከፈት አምፑ መጨረሻ ሲዘጋ ደሞ መጀመሪያ፣ ይሄን ከለመዳችሁ ያ "ዷ" የሚለው ድምጽ ስፒከራችሁን አይመታውም።

እሺ ሽቦ። እዚ ላይ ሰው ሁለት ጽንፍ ነው፣ አንዱ ኢንተርኔት አንብቦ በአምፑ ዋጋ ሽቦ ካልገዛሁ ይላል፣ ሌላው ከሞተ ራዲዮ የቆረጠውን ጸጉር የሚያህል ገመድ ይቀጥላል። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ከአምፑ እስከ ስፒከሩ 5 ሜትር ቢሆን ሄዶ መልስ 10 ሜትር መዳብ ነው። ኤሌክትሪሻኖች ለመብራት የሚዘረጉት ባለ 1.5 ውፍረት (በካሬ ሚሊ ሜትር) በዚ ርቀት 0.12 ኦም ገደማ ይይዛል፣ ኦም ማለት ሽቦ ወይ ስፒከር መብራቱን የሚቋቋምበት ልክ ነው፣ ለሶኬት የሚዘረጉት ባለ 2.5 ደሞ 0.07። ባለ 0.5 ቀጭኗ ግን 0.34 ትደርሳለች። የሽቦው ኦም ከስፒከሩ ኦም ከመቶ 5 እጅ ካልበለጠ ልዩነቱን ጆሮ አይዘውም የሚባል የቆየ መለኪያ አለ፣ ስፒከራችሁ 8 ኦም ከሆነ ቀጭኗም ለጥቂት ታልፋለች፣ 4 ኦም ከሆነ ግን ትወድቃለች። ስለዚ ባለ 1.5 በቂ ነው፣ ሳሎኑ ረጅም ከሆነ ባለ 2.5። አንድ ነጠላ ደረቅ ሽቦ የሆነውን ግን አትውሰዱ፣ ብዙ ክር ያለውን ጥንድ ለስላሳ ገመድ ነው የምንፈልገው፣ እሱ ምንጣፍ ስር እንደልብ ይታጠፋል። ከዚ በላይ ለሽቦ የሚወጣ ብር የሻጩ ነው።

አንድ የምታጣሩት ነገር ግን አለ። አሁን አሁን ገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም በመዳብ ስም ይሸጣል፣ ኦሙ ከመዳብ በግማሽ በላይ ይበልጣል፣ እጥፍ ታጠፍ ስታደርጉትም ቶሎ ይበጠሳል። አንዷን ክር አውጡና በምላጭ ፋቅ አድርጓት፣ ውስጧ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ጥቅሉን አንሱት ደሞ፣ ለመጠኑ ከቀለለባችሁ ጠርጥሩ። አሉሚኒየም ሆኖ በዋጋው ከተሸጠ ችግር የለውም፣ ወፈር ያለውን መግዛት ነው።

ጫፉን ስትልጡ አንድ ሁለት ሴንቲ ይበቃል፣ ክሮቹን በደንብ ጠቅልሏቸው። ከጥቅሉ ያፈነገጠች አንዲት ክር ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ከተሻገረች ሾርት ነው፣ የአምፑን መውጫ ትራንዚስተር ትበላዋለች። ጫፉን ሳልዳ አድርጉት፣ ካልቻላችሁ ባናና የሚባለውን ጫፍ አስገቡበት፣ ናስትሮ ጠምጥሞ መተው ግን ጊዜያዊ ነው፣ ሙጫው ሲሞቅ ይላቀቃል። እና ይሄን ሁሉ ስትሰሩ አምፑ ከግድግዳው ተነቅሎ፣ "ጠፍቷል" ሳይሆን ተነቅሎ።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። ቀይ ወደ ቀይ፣ ጥቁር ወደ ጥቁር። ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ሽቦው ሁለቱም ጎን አንድ ቀለም ሆኖ ይመጣና አምፑ ጋ የተያዘው ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ይረሳል። አንደኛው ስፒከር ከተገለበጠ ምን ይሆናል፣ ሁለት ሰው አንድ በር ይዘው አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲጎትት ማለት ነው፣ የግራው አየሩን ወደናንተ ሲገፋ የቀኙ ወደኋላ ይስበዋል፣ ባዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ የዘፋኙ ድምጽ ደሞ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ጭንቅላታችሁ ዙሪያ ይዞራል። ያን ጊዜ ሰውየው "ባዝ የለውም" ብሎ የባዙን ቁልፍ እስከ ጥግ ያዞረዋል፣ አሁንም አልመጣም ብሎ ቮሊዩሙን ይጨምራል፣ አምፑ አቅሙ አልቆ ድምጹን መቆራረጥ ይጀምራል፣ የተቆረጠው ድምጽ ደሞ የሚያርፈው ትንሿ ትዊተር (ቀጭን ድምጽ የምታወጣው) ላይ ነው፣ ትቃጠላለች። ከዛ "አየህ ድሮም ፌክ ነው" ይባላል። ሁሉም ነገር የመጣው ከአንድ የተገለበጠ ሽቦ ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ላይ ወይ ሌላ ጣቢያ ላይ ሰው ብቻውን ሲያወራ ጠብቁ፣ ሁለቱ ስፒከሮች መሃል እኩል ርቀት ላይ ቁጭ በሉ። ጋዜጠኛው ልክ መሃል ላይ ስፒከር በሌለበት ቦታ ቆሞ የሚያወራ ከመሰላችሁ ትክክል ነው። ወዲያና ወዲህ ከተበታተነ የአንደኛውን ስፒከር ሽቦ ብቻ ገልብጡና እንደገና ስሙት፣ ሁለቱንም ከገለበጣችሁ ያው እዛው ናችሁ። ሽቦው የትኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ ከጠፋባችሁ ደሞ ሽቦውን ከአምፑ ላይ ከነጭራሹ ነቅላችሁ አንድ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ (ባለ 1.5 ቮልት) በሽቦው ጫፎች ላይ ለአፍታ ነካ ማድረግ ነው። የትልቁ ስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ቀዩ ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገላቢጦሽ። ነካ አድርጎ ማንሳት ነው፣ ይዞ መቆየት የለም።

ስለ ኦም ባጭሩ፣ አምፑ ጀርባ ላይ ከ4 እስከ 8 ወይ ከ8 በላይ የሚል ይጻፋል፣ ከሱ እንዳትወርዱ። አንዳንዱ ሰው ሳሎን ያሉትን ሁለት ስፒከሮች ከገጠመ በኋላ ኩሽናም ይሰማ ብሎ እዛው ቀዳዳ ላይ ሌላ ሁለት ይደርባል። 8 በ8 ላይ ሲደረብ 4 ኦም ነው የሚሆነው፣ 4 በ4 ላይ ደሞ 2፣ ያኔ አምፑ ይግልና ራሱን ያጠፋል፣ መከላከያ ከሌለው ደሞ አንዴ ነው የሚጠፋው።

ዋት የሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልናደድ። ካርቶኑ ላይ 5000 ዋት ፒኤምፒኦ ተጽፎበት ጀርባውን ስታገላብጡት ከመብራት የሚወስደው 60 ዋት ነው የሚል እቃ ስንት አይቻለሁ። ከግድግዳው 60 እየወሰደ 5000 ከየት ያመጣል? ፒኤምፒኦ የሚባለው ለሽያጭ የተፈጠረ ቁጥር ነው፣ እናንተ አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ዋት) የሚለውን ፈልጉ። እሱም ቢሆን ከ50 ዋት ወደ 100 መሄድ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሯችሁ "ትንሽ ጨመር አለ" ይላል እንጂ እጥፍ አይሆንበትም፣ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ አስር እጥፍ ዋት ነው የሚያስፈልገው። ከዋቱ ይልቅ ስፒከሩ ላይ የሚጻፈውን የዴሲቤል ቁጥር (በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ) እዩት፣ 91 የሆነው ስፒከር 85 ከሆነው ጋ እኩል ለመጮህ የሚፈልገው ዋት ሩብ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት ሳይመጣባችሁ የምትሰሙት ድምጽ ደሞ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ዋት አይዘልም።

እንግዲ ቦታ፣ ርእሱ ላይ የጻፍኩት። የኛ ሳሎን ያው ታውቁታላችሁ፣ ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ይደረደራል፣ ፊት ለፊት ቡፌ፣ መሃሉ ላይ ቴሌቪዥን፣ ውስጡ ሲኒና ብርጭቆ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ብሎኬት። ስፒከር ቡፌ ላይ ሲቀመጥ ሳንቃው አብሮት ይዘፍናል፣ ብርጭቆዎቹም የሚስማማቸው ኖታ ሲመጣ ይንጫጫሉ። "ስፒከሬ ተቀዷል" ብሎ የጠራኝ ሰው ቤት ሄጄ መስታወቱን በእጄ ደገፍ ሳደርገው ድምጹ ጸጥ ያለበት ጊዜ አለ። የግድ ቡፌ ላይ መሆን ካለበት እስከ ጫፉ ወደፊት አምጡት፣ ከስሩ ወፈር ያለ ጎማ ወይ ስፖንጅ አድርጉ፣ ሲኒዎቹ ደሞ እንዳይነካኩ ራራቅ አድርጓቸው። ግን ብታወርዱት ይሻላል።

አውርዳችሁ የት? በሁለቱ መሃል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዱ እስከ መቀመጫችሁ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፣ ለምሳሌ ሁሉም ሁለት ሁለት ሜትር፣ ፊታቸውን ትንሽ ወደ እናንተ ያዙሩ፣ ትዊተሯ የጆሯችሁ ቁመት ላይ ትሁን። ከኋላ ካለው ግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቁ። ማዕዘን ውስጥ የገባ ስፒከር ባዙ ይበዛል እውነት ነው፣ ግን የሚበዛው ያው አንድ ሁለት ኖታ ነው፣ የከበሮው ምት ከቤዝ ጊታሩ ተለይቶ አይሰማም፣ ሁሉም "ቡምምም" ይሆናል። ምክንያቱ ክፍሉ ራሱ ነው፣ በ4 ሜትር ርዝመት የድምጽ ማዕበሉ ግድግዳና ግድግዳ እየነካ 43 ኸርዝ አካባቢ ይቆማል፣ ያችን ኖታ ክፍሉ ከስፒከሩ በላይ ይጫወታታል። ጭራሽ ሶፋው ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ጆሯችሁ ያለው ባዙ የሚከማችበት ቦታ ላይ ነው። ሶፋውን አንድ ሁለት ስንዝር ወደፊት ሳብ ማድረግ ብቻ ምን ያህል እንደሚቀይር ሞክሩትና እዩ፣ ምንም አታወጡም። ስፒከሩ ከኋላው ቀዳዳ ያለው ከሆነና ማራቅ ካልቻላችሁ ደሞ ቀዳዳው ውስጥ ንጹህ ካልሲ ወተፍ አድርጉበት፣ ሳቁ ግን ይሰራል፣ ቡምታው ይቀንሳል።

ማቆሚያ ለማግኘት ብዙ መድከም የለም። ባለ 40 በ20 በ20 ብሎኬት አንዱን አቁሙት፣ ሌላውን ላዩ ላይ አስተኙት፣ 60 ሴንቲ ሆነ፣ ትንሿ ስፒከር ላዩ ስትወጣ ትዊተሯ 85 አካባቢ ትደርሳለች፣ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ጆሮ ከስሯ ቀጭን ነገር አድርጎ ቀና ማድረግ ነው። ክብደቱ ራሱ ጥቅም አለው፣ አይንቀጠቀጥም። ቤታችሁ ያለው አረቢያን መጅሊስ ከሆነ ጆሯችሁ ዝቅ ስለሚል አንድ የቆመ ብሎኬት ይበቃል። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ብሎኬት ስታይ ያለችኝን እዚ አልጽፈውም፣ በኋላ ግን ጥለት ባለው ጨርቅ ሸፍናው አሁን እንግዳ ሲመጣ የሷ ሀሳብ ሆኗል። ልጅ ካለ ግን ብሎኬቶቹን አጣብቋቸው፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከዛ ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ "ጭውው" የሚል ነገር ከቀረ ሴራሚኩና ግድግዳው ድምጹን እየተቀባበሉት ነው፣ ማሲንቆ ስትከፍቱ ጆሮ የሚበሳውም ለዚ ነው። በስፒከሩና በመቀመጫው መሃል ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ የመጽሀፍ መደርደሪያ ካለ ደሞ ሰማይ ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ ሰዎች ይቅርባችሁ፣ ምንም የረባ ነገር አይውጥም፣ በረሮ ግን ይሰበስባል፣ እሳትም ይወዳል።

የ"እምምም" ድምጽ ነገር። ዘፈን ሳይኖር ከስፒከሩ የሚያጉረመርም ድምጽ ካለ አምፑ ተበላሸ አትበሉ፣ ከኋላ የተሰካውን አንድ በአንድ ንቀሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዲሽ ነው፣ የዲሹ ገመድ ከጣራ ብረት ጋ ተያይዞ ይመጣል፣ ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ፣ ቴሌቪዥኑ ከአምፑ፣ አምፑ ደሞ በራሱ ሶኬት ግራውንድ አለው፣ ሁለት ግራውንድ ሲገናኝ ዙር ይሰራና የ50 ኸርዙን መብራት ታዳምጡታላችሁ። የዲሹን ገመድ ስትፈቱ ድምጹ ከቆመ አገኛችሁት ማለት ነው። ሁሉንም እቃ አንድ ዲቫይደር ላይ አድርጉ፣ ካልጠፋ የገመዱን ግራውንድ የሚለይ ትንሽ አይሶሌተር አለ እሱን መሃል ላይ አስገቡ። የአምፑን የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን ድምጹን ያጠፋል፣ አንድ ቀን ደሞ ሰው ያጠፋል። ሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ከኋላው የምትወጣውን ቀጭን ሽቦ አምፑ ላይ ግራውንድ ከሚለው ብሎን ጋ እሰሩት፣ ብዙ ሰው ምን እንደሆነች ሳያውቅ ይቆርጣታል።

ስልክና ቴሌቪዥን በፍጥነት ልለፋቸው። ስልክ ከኦክስ ወይ ሲዲ ከሚለው መግቢያ ጋ ነው የሚሰካው፣ ፎኖ የሚለው ለሸክላ ብቻ ነው፣ የሸክላው መርፌ የምታወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ እዛ የገባውን ነገር በጣም ነው የሚያጎላው፣ ስልክ ሲገባበት ይንጫጫል። የስልኩን ድምጽ ወደ መጨረሻው አካባቢ አድርጉትና በአምፑ ተቆጣጠሩት። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ እየጠፋ ነው፣ ኦፕቲካል መውጫ ግን አብዛኞቹ አላቸው፣ ኦፕቲካሉን ወደ ድሮው አርሲኤ (ቀይና ነጩ ክብ መሰኪያ) የምትቀይር ትንሽ ሳጥን ትገዙና ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ፒሲኤም የሚለውን ትመርጣላችሁ፣ ካልመረጣችሁ ዝም ሊላችሁ ይችላል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም አልተዋጠልኝም ካላችሁ እሺ ግዙ፣ ግን ያገለገለ ለመግዛት መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ አንድ ቴስተርና አንድ የባትሪ ድንጋይ ይኑር። የስፒከሩን ዙሪያ ስፖንጅ በጣታችሁ ነካ አድርጉ፣ የሚፈረፍር ከሆነ አልቋል። ወረቀቱን በሁለት ጣት ከግራና ቀኝ እኩል ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፣ "ክርርር" ካለ ውስጡ ያለው ኮይል ተቃጥሏል ወይ ተጣሟል። በቴስተር ስትለኩት ባለ 8 ኦሙ ከ5 ተኩል እስከ 7 አካባቢ ማሳየት አለበት፣ ልክ 8 ካላለ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ምንም ካላሳየ ግን ተበጥሷል። አምፕ ከሆነ ቁልፎቹ ሲዞሩ የሚያንኮሻኩሹት አቧራ ነው፣ በስፕሬይ ይጸዳል፣ ዋጋ መከራከሪያ አድርጉት እንጂ አትሽሹት። የሚያሸሸው ሌላ ነው፣ ስፒከር ሳይሰካበት ከፍታችሁ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጉና ቴስተሩን ዲሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከር መውጫውን ቀይና ጥቁር ለኩ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁት። ከ50 በታች ከሆነ ውሰዱት፣ ከ50 በላይ ከሆነ ሰሪ ጋ መግባት አለበት፣ ቮልት ውስጥ ከገባ ግን ስፒከራችሁን ሊበላ የተዘጋጀ ነው፣ ሻጩ "ወንድሜ ለአንተ ብዬ ነው" ብሎ በግማሽ ቢቀንስላችሁም ትታችሁት ሂዱ።